በነባር የስፖርት መኪና ላይ አየር ማቀዝቀዣ ስለ መግጠም



እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን የተሠራችው ኤም ጂ ቢ የስፖርት መኪና ከፋብሪካ የወጣችው ያለ አየር ማቀዝቀዣ ነው። ዛሬ መሣሪያውን የሚገጥምላት ባለሙያ አስቀድሞ ሊያስተውል የሚገባው፣ ማቀዝቀዣ ሙቀትን የሚያጠፋ ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር መሆኑን ነው። ከመቀመጫው ክፍል የተሰበሰበው ሙቀት በራዲያተሩ ፊት በሚቆመው ኮንደንሰር በኩል ይወጣል፤ ኮምፕሬሰሩም ጉልበቱን የሚወስደው ከዚያው 1798 ሲሲ ሞተር ነው።

ስለዚህ የራዲያተሩ ሸክም በሁለት ወገን ይጨምራል፤ መኪናዪቱ በመንገድ መጨናነቅ በቆመች ጊዜም ውሃው ሊፈላ ይችላል። የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ይረዳል፤ ነገር ግን እስከ 1967 የተሠሩት ባለዲናሞ ስለሆኑ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቂ ኃይል አያመነጩምና አልተርኔተር ያሻቸዋል።

እንግዲህ ራዲያተሩና ኤሌክትሪኩ ይቅደሙ፤ ኮምፕሬሰሩ ይከተል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ለጥቂት ቅዝቃዜ ሲል ሞተሩን ለጉዳት ይዳርጋል።