ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ለልጆች ምን እንንገራቸው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ስለ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ለልጆች ስናስተምር ምን እንንገራቸው የሚል ነው። ነገር ግን ልጅ በመጀመሪያ የሰማውን ታሪክ አድጎም ይዞት ስለሚኖር፣ ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም።

የተለመደው ትረካ አጭር ነው። አንድ ደግ ሰው ነበረ፤ ሕልም አለኝ ብሎ ተናገረ፤ ክፉዎች ገደሉት፤ ከዚያ በኋላ ጥቁርና ነጭ እኩል ሆኑ ይባላል። ልጁም ሰምቶ ያጨበጭባል። ከዚህ የሚማረው ግን ፍትሕ የሚመጣው አንድ ታላቅ ሰው ሲነሣ ብቻ መሆኑን ነው። እንግዲያውስ ያ ሰው እስኪነሣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይበቃል ማለት ነው።

እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ለልጅም አይከብድም። በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ የፊት መቀመጫ ለነጮች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1955 ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ ከመቀመጫዬ አልነሣም በማለቷ ታሰረች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ልብስ ሰፊዋ ሮዛ ፓርክስ እንዲሁ ታሰረች። በዚያች ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሆና፣ በማባዣ መኪና፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አነጋች። ወረቀቱ ሰኞ ማንም ጥቁር በአውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚጠይቅ ነበር።

ሰኞ ዲሴምበር 5 ቀን ሕዝቡ ጧት በእግሩ ሄደ፤ የ26 ዓመቱን ሰባኪ ኪንግን መሪው አድርጎ የመረጠው ግን ከቀትር በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልጆች ሊያውቁት ይገባል። ወጥ ቤቶችና ልብስ አጣቢዎች ለ381 ቀን በእግራቸው ተመላለሱ፤ መኪና ያለው የሌለውን አሳፈረ። በጃንዋሪ 1956 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ለጥቂት ተረፉ። በመጨረሻም ክሎዴትና ሌሎች ሴቶች ባቀረቡት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ይህንኑ ነው።

የኪንግ ታላቅነት በዚህ አይቀንስም። ሕዝብ የጀመረውን ተሸክሞ፣ ቂም ሳይዝ፣ እስከ ሞት ድረስ ጸንቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ሲገደል፣ የሄደው አድማ የመቱ ቆሻሻ ጠራጊዎችን ለመርዳት ነበር። ሥራው እንዳልተፈጸመ ከዚህ ይታወቃል።

አንዳንዶች ቦምብና ግድያ ለልጅ ጆሮ አይገባም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በሜይ 1963 በበርሚንግሃም ከተማ ውሻ የተለቀቀባቸውና በውሃ ግፊት የተመቱት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ማስፈራራት አንፈልግም፤ መዋሸት ግን አይገባንም።

ጓደኞቻችን፤ ከሁሉ የሚከብደው የሚከተለው ነው። ይህን ታሪክ የሩቅ አገር ኃጢአት አድርገን ካስተማርነው እኛን አይነካንም። በአገራችን ባርነት እ.ኤ.አ. በ1942 በአዋጅ ተሽሯል፤ ይሁን እንጂ «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከልጆች ጨዋታ አልጠፋም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በሙያቸው የሚያዋርደው አነጋገርም በየቤታችን አለ። ስለ ኪንግ እያስተማርን ይህን ስድብ ሰምተን ዝም ካልን፣ ልጁ የሚይዘው ትምህርቱን ሳይሆን ዝምታችንን ነው።

ስለዚህ ስለ ኪንግ ከተረክን በኋላ ልጆቹን ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፦ ወረቀቱን ያባዛው ማነው? በእግሩ የሄደው ማነው? በክፍላችሁስ ውስጥ ለብቻው የሚቀመጠው ማነው? የመጨረሻውን ጥያቄ ከልጆቹ በፊት እኛው ልንመልሰው ይገባናል።