ዛሬ አልጠለቅንም

የማዕረጉን ዝርዝር የመድረክ መሪው አሳምሮ ስለጨረሰልኝ እኔ አልደግመውም። ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። እናቶች፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ከኋላ ያላችሁት ልጆች ደግሞ ስልኩን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡት፤ ፎቶው ይደርሳል።

ያደግኩት እዚሁ ጣና ዳር ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሐይቁ አጠገብ ካየችኝ የሚጠብቀኝ አለንጋ ነበር። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ትለኝ ነበር። እሷን ፈርቼ ዋና ሳልችል አደግኩ። ዋና የተማርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ ገንዳ ገብቼ ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት የኖርኩት ለምርምር ውሃ ውስጥ በመግባትና ሌላውን በማስገባት ነው፤ ይበልጡን ግን «ዛሬ አትገባም» በማለት። ደመወዝ የሚከፈለኝ በዋናነት ለዚህ ለመጨረሻው ነበር። እናቴ ያንኑ ሥራ በነጻ ትሠራው ነበር።

ከመካከላችሁ ጠልቆ የሚሠራው ጥቂት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰው አሳፍራችሁ ውሃ ላይ የምትወጡት ግን ሁላችሁም ናችሁ። ናሙና ልታነሱ፣ መረብ ልትጥሉ፣ እምቦጭ ልትለኩ ትወጣላችሁ። ስለዚህ ሰው ስለመምራት ላውራችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላርም። ጠላቂ ጀርባው ላይ የሚሸከመውን ጋን ሁሉም ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል። አይደለም። ውስጡ ያለው ብዙውን ጊዜ አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንስበው ተራ አየር ነው፤ ታምቆ ነው የገባው። ኦክስጅኑ ጀልባው ላይ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ለአደጋ ጊዜ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው የጠላቂዎች አለቃ ሆኖ ሲሾም በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምርምር የመጥለቅ ሙያ አጀማመር ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሳን ዲዬጎ ካለው ከስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተነስቶ ነው። ሳይንቲስቶችን በሥርዓት ማሰልጠን የጀመረው የመጀመሪያው የጥለቃ ኃላፊ ኮንራድ ሊምቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ፈረንሳይ ሄዶ ካሲስ አጠገብ ያለ የውሃ ውስጥ ዋሻ ገባ፤ በሕይወት አልወጣም። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። እነሆ ለሌላው ሁሉ ሥርዓት ያበጀው ሰው! ይህን ለአዲስ ሰልጣኞች ስናገር የሚደነግጡትን እወዳቸዋለሁ። «እሱ እኮ ጎበዝ ስለነበር ነው» ብሎ የሚስቀውን ግን ለብቻው ጠርቼ አነጋግረዋለሁ።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 ለንግድ ጠላቂዎች ደንብ ሲያወጣ ሳይንቲስቶቹም አብረው ተጠቃለሉ። ብዙ ተከራክረው በ1982 ነጻ ወጡ። ነጻነቱ ግን ባዶ አልነበረም። የደህንነት መመሪያ መጽሐፍ ይኑራችሁ ተባሉ፤ የጥለቃ ቁጥጥር ቦርድም አቋቁሙ ተባሉ። የቦርዱ አብላጫ አባላት ራሳቸው የሚጠልቁ ሰዎች መሆን አለባቸው፤ በጥለቃው ሥራ ላይ ያለው ሥልጣንም ራሱን የቻለና ፍጹም ነው። እስቲ አስቡት፤ ዲኑ የማይሽረው፣ ገንዘብ ያመጣው ፕሮፌሰር የማያልፈው ቦርድ! እኛ አገር ስንት ኮሚቴ እናውቃለን? ስንቱ ነው እግሩን ውሃ ያስነካ?

ከቦርዱ በታች የጥለቃ ደህንነት ኃላፊው አለ፤ በየዕለቱ ሥራው ቦታ ላይ ደግሞ መሪ ጠላቂ ይሰየማል። እሱ ወይም እሷ ቦታው ላይ ሳይገኙ ሥራ የለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ተማሪ ነበርኩ፤ መጥለቅ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ኬልፕ የሚባል የባህር አረም አለ፤ ከባህሩ ወለል እስከ ላይ እንደ ዝግባ ደን የሚቆም፣ ሲመቸው በቀን ግማሽ ሜትር የሚያድግ። እዚያ ደን ውስጥ ሜትር ዘርግተን የባህር ጃርት የሚባለውን እሾሃም ፍጥረት እንቆጥር ነበር። ሁለት ቀን ነፋስ አስቀመጠን። በሦስተኛው ቀን ባህሩ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኛ። እኔ ግን ጉንፋን ይዞኛል።

የምርምሩ ባለቤት ፕሮፌሰር የትምህርት ክፍያዬን ያፈላለጉልኝ፣ በገና ቤታቸው ጠርተው ያበሉኝ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ «አሞኛል» ልበላቸው? እንኳን ጉንፋን፣ ወባ ቢይዘኝ አልናገርም ነበር። ሁለት የጉንፋን ክኒን ዋጥኩና ጀልባው ላይ ወጣሁ። አፍንጫዬ ተከፈተ። ጆሮ ሳይከፈት ሲቀር ከመውረድ መመለስ ይቻላል፤ ክኒኑ ታች ሳላችሁ ኃይሉ ካለቀ ግን ስትወጡ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል። ያኔ ሁለት ምርጫ ይኖራችኋል፤ ታች መቅረት ወይም የጆሮ ታምቡር መቅደድ። ይህን ከዚያ ቀን ሁለት ወር በፊት ተፈትኜ አልፌበት ነበር።

መሪ ጠላቂያችን ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ቀስ ያለ ሴት ነበረች። ስንት ሜትር እንደምንወርድ፣ ስንት ደቂቃ እንደምንቆይ፣ ጋኑ ውስጥ ስንት ሲቀር እንደምንመለስ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ነገረችን። ከዚያ እያንዳንዳችንን በዓይን በዓይን እያየች «ዛሬ መግባት የሌለብህ ምክንያት አለ?» አለች። «ደህና ነኝ» አልኩ። እሷ ግን ጆሮዋን ብቻ አልሰጠችኝም። የጎማ ልብሱን ስለብስ ሦስት ጊዜ አፍንጫዬን ይዤ እንደነፋሁ ቆጥራለች። መጣችና ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችልኝ። «ጠጣ፤ አንተ ዛሬ አትገባም» አለችኝ።

እኔ ከቀረሁ ጥንዴ ብቻውን ይሆናል፤ ብቻውን ደግሞ አይገባም። የቀሩት ሁለቱ ለሥራው አይበቁም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰረዘችው። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ቀልቶ «በሦስት ቀን ስንት ገንዘብ እንደወጣ ታውቂያለሽ?» አሏት። «አውቃለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወደብ እስክንደርስ አንድ ሰዓት ያህል ሞተሩ ብቻ ነበር የሚናገረው። እኔ ባህሩ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ማታ መዝገቡን ሰርቄ አየሁት። ቀን፣ ነፋስ፣ የውሃው ሙቀት፣ የአራታችን ስም። ከሥሩ «ዛሬ አልጠለቅንም። ምክንያት፦ የመሪ ጠላቂ ውሳኔ» ይላል። ጉንፋኔ የለም። ለኃላፊው በቃል ነግራዋለች፤ መዝገቡ ላይ ግን ሸክሙን ራሷ ተሸከመችው። ፕሮፌሰሩ በኋላ ይቅርታ ጠየቋት ብላችሁ አትጠብቁ፤ አልጠየቋትም። ጃርቶቹም በሚቀጥለው ሳምንት ተቆጠሩ፤ የሄዱበት አልነበረም።

አያችሁ፣ መመሪያው ማንኛውም ጠላቂ ቅጣት ሳይፈራ «አልገባም» የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። እኔ ያን አንቀጽ በቃሌ እወጣው ነበር። ይሉኝታ ግን አፌን ያዘው። ይሉኝታ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ጎረቤት ዘንድ ያኖረናል፤ አልጠላውም። ውሃ ላይ ግን የበታቻችሁ እስኪናገር አትጠብቁ። የእኛ ልጅ አይናገርም። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ይሰምጣል። እናንተው እዩት፤ እናንተው ቆጥራችሁ ድረሱበት።

ሌላም አለ። የጥለቃ ደህንነት ኃላፊው ሥራውን ለብቁ ሰው ማካፈል እንደሚችል ተጽፏል፤ የደህንነቱን ኃላፊነት ግን ለማንም ማስተላለፍ አይችልም። እኔ ኃላፊ ሆኜ አንድ ዓርብ ከሰዓት የጥለቃ ዕቅድ ሳላነብ ፈርሜ ስብሰባ ሄድኩ። አንዲት ተማሪ ጋኗ ውስጥ አየር ተሟጦ ወጣች። ደህና ነበረች። ዕቅዱን ያወጣው ሌላ ሰው ነበር፤ ቦርዱ ፊት የቆምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ቦርዱም ልክ ነበር። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

እንግዲህ ስለ መዝገብ ካነሳሁ ወደ እርሳሴ ልግባ። የሚያውቁኝ ሰዎች እየሳቁ ነው፤ ይሳቁ። እርሳስ ውሃ ውስጥ ይጽፋል፤ ተራ እስክሪብቶ አይሆንም፤ ስልካችሁማ ሊሞት ይችላል። እኛ ቃለ ጉባኤ ላይ ማን እንደተገኘ፣ ማን ይቅርታ ጠይቆ እንደቀረ እንጽፋለን። ለጥቂት የተረፍንበትን አንጽፍም። ያልተወጣበትን ቀን አንጽፍም። አንድ ልጅ «ዛሬ ማዕበሉ አላማረኝምና ተመለስኩ» ብሎ ቢጽፍ ፈሪ እንለዋለን። እኔ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ሳደርግ መዝገቡ ላይ አንድም የተሰረዘ ቀን የሌለበትን ሰው አልቀጥርም ነበር። ወይ ዕድለኛ ነው፣ ወይ ውሸታም፤ ሁለቱም ለጀልባዬ አይሆኑም።

«ጣና እኮ ጥልቀቱ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ጠላቂ ከሰው ቁመት ባነሰ ውሃም ሳንባውን ሊቀድ ይችላል። ደግሞ እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚናገር፣ ለባህር የተሠራ የጥለቃ ሠንጠረዥ እዚህ ይዋሻችኋል። ጉማሬውንና ቢልሃርዚያውን እናንተው ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ጅቡቲ ሄዳችሁ ብትጠልቁ ደግሞ ይህን ያዙ። ጠላቂ ከውሃ እንደወጣ አውሮፕላን አይሳፈርም። ለአንድ ቀላል ጥለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ መመሪያ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ነው። አዲስ አበባስ ስንት ላይ ናት? 2,300 ሜትር ገደማ። በመኪናም ሂዱ በባቡር፣ ወደ ቤታችሁ መመለስ ራሱ መብረር ነው። የሚመራችሁ ሰው ይህን ካላወቀ፣ ከባህሩ ወጥታችሁ ደህና ነን ስትሉ መንገድ ላይ መገጣጠሚያችሁን የሚያሳምማችሁ ምን እንደሆነ አታውቁም።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከእናንተ ሦስቱ ለናሙና ሐይቁ ላይ እንደሚወጡ ሰምቻለሁ። መሪው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እርስ በርስ ተያዩ። ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ተስማሙና ስሙን ጻፉት። ካልተስማማችሁ አትውጡ፤ አለመውጣታችሁንም ጻፉ። እርሳስ የሌለው ከእኔ ይውሰድ፤ መውጫው በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።