ነፋስ ስለሚያዞረው መኪናና ስለ ደጋፊዎቹ

ተማሪዎች ሆይ፥ ጐጆ ያለ ምሰሶ አይቆምም፤ ነገር ግን ምሰሶው የቤቱን ስፍራ ይሻማል። ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ዙሪያ ክንፎቹ የሚዞሩለት የነፋስ መኪናም እንዲሁ ነው። ክንፎቹን የሚሸከመው ነገር ኹሉ ነፋሱን ይነካዋል፤ አንዳንዱ ይረዳል፥ አብዛኛው ግን ኀይል ያባክናል።

በኢራን አገር በናሽቲፋን ከጥንት የቈዩ የነፋስ ወፍጮዎች አሉ። የእንጨት ክንፎቻቸውን የያዘው የጭቃ ግንብ ተሸካሚ ብቻ አይደለም፤ ወደ ነፋሱ የሚመለሰውን ግማሽ ይጋርዳል፥ ነፋሱንም በሌላው ግማሽ በኩል ያስገባል። በብልሃት የተሠራ ደጋፊ እንዲህ ረዳት ይኾናል።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1925 ዓመተ ምሕረት ዦርዥ ዳርዩስ የተባለ የፈረንሳይ መሐንዲስ ሌላ ዐይነት መኪና ዐሰበ። የዚህ መኪና ክንፍ የወፍ ክንፍ ይመስላል፤ ከነፋሱም ፈጥኖ ይሮጣል። ስለዚህ ክንፉን ከዘንጉ ጋራ የሚያያይዙት ክንዶችም አየሩን እየሰነጠቁ ይሮጣሉ። ፍጥነቱ ኹለት እጥፍ ሲኾን አየሩ ክንዱን የሚቋቋምበት ኀይል አራት እጥፍ፥ ይህን ለማሸነፍ የሚባክነው ጕልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይኾናል። ክንዱ ከዘንጉ በራቀ ቍጥር ስለሚፈጥን ብዙው ጕዳት በጫፉ በኩል ነው። ክንዱ እንደ ዓሣ ገላ ፊቱ ወፍሮ ኋላው ቢቀጥን ግን፥ በውፍረት እኩያው ከኾነው ክብ ብረት ይልቅ አየሩ ወደ ዐሥር እጅ ያህል አሳንሶ ይቋቋመዋል። ዳርዩስም ክንፉን ልጆች እንደሚያዞሩት የመዝለያ ገመድ ቢያጐብጡት በክንድ ሳይደገፍ ሊዞር እንደሚችል አመለከተ።

ዘንጉም ራሱ ዕዳ አለበት። ከትልቅ ዋርካ ኋላ የቆመ ሰው ነፋሱ ሲደክምና ሲታወክ ይሰማዋል። እያንዳንዱ ክንፍም በየዙሩ አንድ ጊዜ በዘንጉ ኋላ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ ጕልበቱ ይቀንሳል፥ መኪናውም ይንቀጠቀጣል። ዘንጉ በወፈረ ቍጥር የደከመው ነፋስ ስፍራ ይሰፋል።

እንግዲህ ደጋፊውን ኹሉ ማቅጠን ነው የሚል ቢኖር፥ በካናዳ አገር በካፕ ሻ የኾነውን ይመልከት። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ የተሠራው ኤኦል የሚባለው መኪና ቁመቱ 110 ሜትር ነው። ዘንጉ በወፍራም ግንብ እንዳይደገፍ ጫፉ በሽቦ ገመዶች ተወጠረ። ነገር ግን የድንኳን ገመድ ምሰሶውን ወደ መሬት እንደሚጭነው፥ እነዚህም ገመዶች ዘንጉን ከነክብደቱ በታችኛው ኩሽኔታ ላይ ይጭኑታል። በ1993 ይኸው የታችኛው ኩሽኔታ ተበላሸና መኪናው ሥራውን አቆመ።

ስለዚህ ብልህ ሠሪ ክንፉን ብቻ አይመለከትም። ደጋፊው ሲወፍር ነፋሱን ይሰርቃል፤ ሲቀጥን ሸክሙን ወደ ሌላ ይጥላል። ኹለቱን አስቀድሞ የመዘነ ሰው የሠራው መኪና ይዞራል፥ ዕድሜውም ይረዝማል።