«እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?»
ትንንሽ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ማሰብን እንዲለምዱ
(በቤር ሼቫ፣ በሽኩና ኣሌፍ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ከወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቃል አለ፤ «እኔ ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም፣ ልጄን ማስተማር የጋኔኔቷ ሥራ ነው» የሚል። እርግጥ ጋኔኔቷ የራሷ ድርሻ አላት። ነገር ግን ልጅ ችግር ሲገጥመው አስቦ መፍትሔ መፈለግን የሚለምደው ከቤት ጀምሮ ነው። ለዚህም ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ በአማርኛም በትግርኛም ይቻላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1984–85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ በወረቀት ላይ በተሣሉ ቅርጾች ሲፈተኑ ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። እንዲህ ያለ ፈተና አይተው አያውቁም ነበርና። ፕሮፌሰር ሩቨን ፎየርሽታይን (1921–2014) ግን ልጅ መመዘን ያለበት ዛሬ በሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ሲያስተምሩት መማር በሚችለው ጭምር ነው ብለው አስተማሩ። በ1999 የታተመ የዳዊድ ጹሪኤል ጥናትም ይህን አሳየ። ኪታ አሌፍ የገቡ የኢትዮጵያ ልጆች በመጀመሪያው ፈተና እዚህ ከተወለዱት ልጆች ዝቅ ብለው ነበር። አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እንዴት እንደሚመለከቱና እንደሚያወዳድሩ ካሳያቸው በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ጉድለቱ ከአእምሯቸው አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ እኛ በቤታችን አጠገባቸው የምንሆነው እንዴት ነው?

ቡና ሲፈላ፦ «እንግዶቹ 6 ናቸው፣ ሲኒው 4 ነው፤ ምን ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ልጅ ብርጭቆ ያመጣል፤ ሌላው «ሁለቱ ቆይተው ይጠጡ» ይላል። ሁለቱም መልስ ነው።

ልብስ ሲታጠብ፦ የ3 ዓመት ልጅ ካልሲ በቀለሙ ያጣምድ። ከፍ ያለው የማን እንደሆነ እየለየ ያስቀምጥ።

ከሱፐር ስትመለሱ፦ «ድንቹና ዕንቁላሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ይግቡ፤ የቱ ከታች ይሁን? ለምን?» በሉት።

ገበጣ፦ ይህ የአያቶች ድርሻ ነው። ባለ 12 የዕንቁላል ካርቶን ጥሩ ገበጣ ይሆናል። በየጉድጓዱ 4 ባቄላ አድርጉ፤ በጠቅላላው 48 ይሆናል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ልጁ ሲዘራ ይቆጥራል፣ የመጨረሻዋ ፍሬ የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያስባል፣ ተራ መጠበቅንም ይማራል።

ከዕቃው ይልቅ የሚበልጠው የእኛ ትዕግሥት ነው። ልጁ ሲቸገር ቶሎ ከእጁ አንቀማው። ትንሽ ጠብቀን «ምን ሞከርክ? ሌላስ መንገድ የለም?» እንበለው። ቢሳሳትም መሞከሩን እናመስግነው። ሽማግሌዎቻችን የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ጠይቀው፣ አመዛዝነው ነው እንጂ ቸኩለው አይፈርዱም። ለልጁ የምናሳየው ይህንኑ ነው።

«በእኛ ባህል ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ብሎ ያዳምጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አክብሮቱም ይቆይልን። ነገር ግን አያቱ ጠይቀውት ሲመልስ ድፍረት አይባልም። በቤቱ ሐሳቡን መናገር የለመደ ልጅ በጋንም ሲጠየቅ አንገቱን አይደፋም።

ጥንቃቄም አለ። ትኩስ ጀበናና ፍም ከልጆች ይራቅ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላ፣ ጠጠርና አዝራር አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል። በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ለእሱ አደገኛ ነው። ከፍ ያሉትም ቢሆኑ አፍንጫና ጆሯቸው ውስጥ እንዳይከቱት አጠገባቸው ሁኑ።

ቴሌቪዥንና ስልክ ልጁን ዝም ያሰኙታል እንጂ እጁን አያሠሩትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ እንዳያይ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል።

ልጁ እንደ እኩዮቹ አይናገርም ወይም በእጁ አይሠራም ብላችሁ ከሠጋችሁ፣ ሳትዘገዩ የቲፓት ሐላቭ ነርሷን አማክሩ። እስከ 6 ዓመት የልጆችን ዕድገት የሚከታተሉት እዚያ ነው።

ነገ ልጁን ከጋን ስታመጡ «ምን በላህ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። አንድ ትንሽ የቤት ችግር ስጡትና «እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?» በሉት፤ መልሱንም እስኪጨርስ አዳምጡት።