ኮዱ ሲጠፋ

እሱ፦ ጋርሚን ጂኤንኤስ 430 የሚባለው ጂፒኤስ በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ አለ። ከፓነሉ ጋር የያዘው አንድ ብሎን ነው። ቀጭን አለን ቁልፍ አስገብተሽ ስትፈቺው ተንሸራቶ እጅሽ ላይ ይወድቃል። ለጠጋኙ ምቹ ነው፤ ለሌባውም እንዲሁ።

እሷ፦ በተንቀሳቃሾቹ ጂፒኤሶች ላይ ግን መቆለፊያ ኮድ አለ አይደል?

እሱ፦ አለ። የጋርሚን ኤራ 500ዎቹን ውሰጂ። 4 አሃዝ ትሞያለሽ፤ አንድ ቦታም ታስመዘግቢያለሽ፤ ቤትሽን በይው። ኮዱን ብትረሺ እዚያ ቦታ ይዘሽው ስትሄጂ ይከፈታል።

እሷ፦ ሳተላይት ካገኘ ነዋ! ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደጅ አውጥቶ ሰማይ ማሳየት ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ባለቤት ነው። አባት ያርፋል፣ ልጆች ዕቃውን ይሸጣሉ፤ ገዢው ኮዱንም ቦታውንም አያውቅ። ያለው መንገድ የግዢ ማስረጃ ይዞ ወደ አምራቹ መላክ ብቻ ነው።

እሱ፦ ማስረጃ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ አለዚያ ሌባውም ይልክ ነበር። ገዢ ገንዘቡን ሳይቆጥር በፊት ሻጩ ፊት ለፊቱ ያብራው፣ ኮዱንም ያጥፋለት።

እሷ፦ እሺ፣ በረራ ላይስ? በተበራ ቁጥር ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ኃይል ተቋርጦ ቢመለስ አብራሪው ምን ሊሆን ነው?

እሱ፦ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ አውሮፕላኑ እየናጠው፣ በሌላው 4 ቁጥር ሊነካ ነው። ለዚህ ነው የወረቀት ካርታው ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ ይቆይ የምለው።