የማኅበራችን መኪና ካርቡራቶር፤ ከመቀየሩ በፊት ማጠቡ

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ኮሚቴ ስም የተደረገ ንግግር)

የዛሬው ጉዳያችን የማኅበራችን ላንድክሩዘር ነው። መኪናችን አሮጌ ናት፤ ሞተሯም ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሠራው ባለ 6 ሲሊንደሩ 2ኤፍ ነው። ባለፈው ወር ምጥ የያዛትን እህታችንን ከጅግጅጋ ወደ ሐረር ስትወስድ፣ ካራማራ ዳገት ላይ ሞተሯ እየተንዘፈዘፈ ጠፋ። አንድ የጭነት መኪና ባይደርስልን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው።

ከዚያ ወዲህ «አዲስ ካርቡራቶር ይገዛ» የሚል ድምፅ በዝቷል። ገንዘቡ ከሁላችንም ኪስ የሚወጣ ነውና፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን በመጀመሪያ አስፈትተን አየን።

ታዲያ ምን ተገኘ? የቤንዚን መያዣው ውስጥ ውኃና ደቃቅ አሸዋ ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የኛው ነው። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ከጀሪካን ሳናጠልል ቀድተናል። ቆሻሻው የነሐስ ቀዳዳዎቹን ሲያጠብ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ብዙ ቤንዚን ስትፈልግ ግን አይደርሳትም።

ሥራው የተሠራው እንዲህ ነው፤ ተመሳሳይ መኪና ያላችሁም ልብ በሉ። በቅድሚያ ፊልትሮውና ካንዴላዎቹ ታዩ፤ ብዙ ጊዜ ካርቡራቶሩ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳልና። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። ቱቦዎቹና ዘንጎቹ ሳይነኩ በስልክ ፎቶ ተነሡ። የሚኒሞው ብሎን ከመውጣቱ በፊት ስንት ዙር እንደገባ ተቆጠረ። ቀዳዳዎቹ ታጥበው በአየር ተነፉ። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና መኪናዋ ቤንዚን ጠጪ ትሆናለች። ተንሳፋፊው በጆሮ አጠገብ ተነቀነቀ፤ ውስጡ ቤንዚን ከገባ መለወጥ አለበት። ጓርኒሲዮኖቹ፣ መርፌውና ነዳጅ ሲረገጥ ቤንዚን የምትረጨው ትንሿ ፓምፕ ጎማ በአዲስ ተተኩ። ከተገጠመ በኋላ በመያዣው ፊት ባለችው መስተዋት ቤንዚኑ መሐል ላይ መቆሙ ታየ።

ሌላም ነገር አለ። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ትንሽ ቢጠቁር ወዲያው አትደንግጡ። ለዚህ ብሎ ቀዳዳውን በጠባብ የለወጠ ሰው ደግሞ ወደ በርበራ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል።

አዲስ የሚገዛው መቼ ነው? አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ ነው። የአየር መዝጊያው ዘንግ ተበልቶ የሚነቃነቅ ከሆነ አየር ይሰርቃል፤ እሱ እንኳ በጥሩ ቶርኖ ቤት ሊታደስ ይችላል። መግዛት ግድ ከሆነም አሮጌው ሳይጣል ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይመሳከር።

እንግዲህ አጥብቀን የምናሳስበው ይህን ነው። መኪና አልነሣ ሲል በካርቡራቶሩ አፍ ቤንዚን በእጅ ማፍሰስ ይቅር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ እሳቱ ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ቤንዚን በአፍ በቱቦ መሳብም ሳንባ ያበላሻል። ዕቃ የሚታጠበው ደጅ ላይ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ ነው። ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ሰው በሚተኛበት ቤት አይደር።

መኪናችን ባለፈው ሳምንት ካራማራን ወጥታ እስከ ባቢሌ ደርሳ ያለ ችግር ተመልሳለች። ስለዚህ ለአዲስ ካርቡራቶር መዋጮ አይጠየቅም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንኛውም ሾፌር ከጀሪካን ሲቀዳ በወንፊት ባለው ማንቆርቆሪያ ያጠልላል፤ የጀሪካኑን ዝቃጭም አይገለብጥም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የሚቀጥለው በሌሊት የሚጠራን ቤት የማንኛችን እንደሚሆን አናውቅምና፣ መኪናዋን ሁላችንም እንጠብቃት።