መስመሩ ከተዘረጋ በኋላስ?

(ለደጋፊዎቻችን በተደረገው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ከዋናው የቴሌ መስመር 14 ኪሎ ሜትር ርቆ በደጋ ላይ ወደሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፋይበር ኦፕቲክ ለማድረስ ስለያዝነው ዕቅድ ነው። አስቀድሜ ግን ስሕተታችንን ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ የገጠር ትምህርት ቤት 20 ኮምፒዩተሮች ሰጥተን ኢንተርኔትም አስገብተን ነበር። በምረቃው ቀን ዘመርን፣ ፎቶግራፍም ተነሣን። በዓመቱ ስንመለስ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ኮምፒዩተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው አገኘናቸው። የወሩ ሒሳብ ስላልተከፈለ መስመሩ ተቋርጧል። ርእሰ መምህሩ በትሕትና፣ «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማን እንደሚከፍል አልተነጋገርንም ነበር» አሉን። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረው ምሳሌ በእኛ ደረሰ።

ስለዚህ በዚህኛው ሥራ መጀመሪያ፣ «ፋይበሩ በእርግጥ ያስፈልጋልን?» ብለን ጠየቅን። በአንቴና ማገናኘት ይረክሳል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቦታዎች መተያየት አለባቸው። በመካከል ያለው ጋራ ይከልላል። በጋራው ላይ ምሰሶ ቢተከልም የራሱ ኃይልና ዘበኛ ይፈልጋል።

ፋይበር የሰው ጠጕር የሚያህል የመስታወት ክር ነው። መልእክቱን በብርሃን ስለሚያደርስ ይህን ርቀት ያለ ማጠናከሪያ ጣቢያ ይዘልቃል። መዳብም ስለሌለው ሌባ ቆርጦ ቢወስደው የሚሸጠው ነገር አያገኝም። ከወጪው ትልቁ ክፍል ቁፋሮው እንጂ ክሩ አይደለም። ስለሆነም ለትምህርት ቤቱ ሁለት ክር ቢበቃም 24 ክር ያለበትን ገመድ መርጠናል፤ ወደፊት ጤና ጣቢያውም በዚያው ቦይ እንዲጠቀም ነው።

መንገዱን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በእግራችን ሄድንበት። እኛ በካርታ ላይ ያሰመርነውን አይተው፣ «ይህን በክረምት ጎርፍ ይወስደዋል» አሉን። መስመሩ በ1 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ምክራቸውን ተቀበልን። ገበሬው ሰብሉን ሳይሰበስብ በማሳው ላይ አይቆፈርም። ቦዩ 1 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ከገመዱም በላይ የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይቀበራል። የመንገድ ሥራ መኪና ገመዱን እንዳይበጥሰው የወረዳውን የመንገድ ዕቅድ አስቀድመን ጠይቀናል። የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ መስመሩን የሚረከበውና የሚጠግነው ፈቃድ ያለው ድርጅት ይሆናል።

ይህ ክር ግን ኤሌክትሪክ አያመጣም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ያስተማራችሁ መምህራን መብራት በጠፋ ቁጥር ትምህርቱ እንዴት አልፎ ይሄድ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይተከላል፤ ባትሪው ሲያረጅ የሚለወጥበትም ገንዘብ ከአሁኑ ተለይቶ ይቀመጣል።

ወርኃዊ ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል? በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን እኛ እንከፍላለን፤ ከዚያ በየዓመቱ ድርሻችን እየቀነሰ በ5ኛው ዓመት ትምህርት ቤቱ ይረከበዋል። የወላጆች ኮሚቴ ከትምህርት ቤቱ የባሕር ዛፍ ሽያጭ ለዚህ ሊመድብ በጽሑፍ ተስማምቷል።

ወገኖቼ፣ ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። የኮምፒዩተር ቁልፍ ነክቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር ለዚያ ፈተና ሲቀመጥ በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ለምረቃው ቀን ብቻ እንዳትሰጡ ነው። ለ3ኛውና ለ4ኛው ዓመት ሒሳብ፣ ለሚለወጠው ባትሪ፣ ለሚጠገነው ገመድ ስጡ። ይህ ፎቶግራፍ የማይነሣለት ስጦታ ነው፤ በስውር የሚያይ አባት ግን ያየዋል። ክፍሉ ዳግመኛ እንዳይቆለፍ ከእኛ ጋር በጸሎት ቁሙ።